ቀላል እጅ

ሰሃላ ውስጥ የተስፋውን እጅ የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የተወለደ ነው። ዕጣን የሚያደማ ሰውማ ሞልቷል። ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ ጎልማሳ የተባለ ሁሉ ከመስቀል በኋላ መንጋፉን፣ ያችን አጭር የዕጣን መቁረጫ፣ ስሎ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል። የተስፋው አቆራረጥ ግን ለብቻው ነበር። ቅርፊቱን ሲነካው ከጥፍር የማትወፍር ልጥ ያነሳና ያቆማል። ቁስሉ ነጭ ጠብታ አውጥቶ ሲደርቅ ይለቅምና ያችኑ ቁስል በትንሹ አድሶ ይሄዳል። ውስጡን እንጨት አይነካም። እንጨቱ የተነካ ዛፍ ለአንድ ሰሞን ዕጣኑን ያጎርፈዋል፤ ከዚያ ትል ይገባዋል፤ ከዚያ ይወድቃል። ይህን የማያውቅ አድሚ የለም፤ እጁ የሚታዘዝለት ግን ጥቂቱ ነው። "የተስፋው እጅ ቀላል ነው" ይላሉ። ዛፉ ሳይሰማው ነው የሚወስድለት እያሉም ይቀልዱበታል።

እሱ ይህን ሲሰማ ራሱን እየነቀነቀ "ኧረ ተዉኝ" ይላል። ልቡ ግን እንዲተዉት አይፈልግም ነበር። ዕጣኑ መጋዘን ደርሶ ጆንያው ሲፈታ፣ የሚለቅሙት ሴቶች "የተስፋውን ለእኔ" እየተባባሉ ሲሻሙ፣ እሱ ከበሩ ላይ ቆሞ ጫማውን የሚያራግፍ ይመስል ጆሮውን ያቆማል። ሰው የሚኮራበት አንድ ነገር አያጣም፤ የተስፋው ኩራት ደግሞ ያቺ እጁ ነበረች። ሌላ የረባ ነገርም አልነበረውም።

የቅርብ ሰው ቢሉ ኪዳኑ ነው። አጥር የሚጋሩ ጎረቤቶች፣ ከዚያም በላይ የጽዋ ወንድማማቾች ናቸው። የሚካኤል ማኅበራቸው በየወሩ በአሥራ ሁለት በየተራ በአባላቱ ቤት ይጠጣል። ጽዋው ከመዞሩ በፊት የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪው፣ አባ አሥራተ ማርያም ቆመው "በመካከላችን የተቀያየመ አለ?" ብለው ይጠይቃሉ። አለ ከተባለ ነገሩ ተነግሮ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ ጽዋው አይነሳም። በወንድሙ ላይ ክፉ ይዞ የጠጣ ሰው ምን እንደሚሆን አባ ተናግረው አያውቁም። ማንም ደግሞ ሞክሮ ለማየት አልፈለገም፤ ቢያንስ ሁሉም እንደዚያ ያስብ ነበር።

የኪዳኑ ዛፎች የአባቱ ተክል ናቸው። የዕጣን ዛፍ ከዘር በቅሎ ለወግ የሚደርሰው ከስንት አንዱ ነው፤ ፍየል ይቀድመዋል፤ እሳት ይቀድመዋል። የኪዳኑ አባት ግን ዝናብ ሊገባ ሲል ከአንዲት ትልቅ ዛፍ ወፋፍራም ቅርንጫፍ እየቆረጡ በገደሉ አፋፍ ተከሉ፤ በእሾህ አጠሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያባርሩ ኖሩ፤ ፍየሉንም ሰውንም። ቅርንጫፉ የተቆረጠባትን ዛፍ "እናቲቱ" ይሏታል። ኪዳኑ ሁለት በጋ ካደማቸው በሦስተኛው ያሳርፋቸዋል፤ ከአባቱ የተማረው እንደዚያ ነው።

እንግዲህ የኪዳኑ ሚስት ሰርክአዲስ ታመመች። ሰቆጣ ወሰዳት፤ የሰቆጣ ሐኪሞች ደግሞ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይዘሃት ሂድ አሉት። መመለሻው የማይታወቅ መንገድ ነው። ከመሄዱ በፊት ተስፋውን ይዞት ወደ አፋፉ ወረደና በዛፎቹ መካከል እያለፈ አንድ በአንድ በመዳፉ ነካካቸው።

"የዘንድሮ ተራቸው ዕረፍት ነው" አለው። "እኔ ብቆይም ይረፉ። የልጄ ሠርግ ሲደርስ በእነሱ ነው የምወጣው። ፍየልም ሰውም እንዳይደርስብኝ፣ ወንድሜ። አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር።"

"እንዴ ኪዳኑ፣ ለእኔ ደግሞ አደራ ትላለህ?" ብሎ ተስፋው ሳቀበት። ደግሞም ከልቡ ነበር የሳቀው። በዚያች ሰዓት ያንን ዛፍ ሊነካ የመጣ ሰው ቢኖር ተስፋው አንገቱን ይዞ ገደል ይከተው ነበር።

ዝናቡ በዚያ ዓመት አልበረከተም። የተስፋው ዛፎች እንደ ኪዳኑ ዛፎች ዕረፍት አያውቁም ነበር። እጄ ቀላል ነው፣ አይጎዳቸውም እያለ በየዓመቱ ሲመላለስባቸው ኖሯል። ቀላልም ቢሆን ቁስል ቁስል ነው። ዛፎቹ ደከሙና ፍርፋሪ መስጠት ጀመሩ፤ ከቅርፊት ጋር የተለወሰ፣ ቢጫ፣ ጥርስ የማይሞላ ፍርፋሪ። ያንን ይዞ መጋዘን ሲሄድ አገኘሁሽ የምትባለው ተጫዋች ለቃሚ ጆንያውን ፈታ ተመለከተችና "ተስፋው፣ እጅህ አረጀ እንዴ?" አለችው። ሴቶቹ ሳቁ። አገኘሁሽ ለሁሉም እንዲህ ናት፤ ወዲያውም ረስታው ሌላ ጆንያ ልትፈታ ሄደች።

እሱ ግን አልረሳውም። መንገዱን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲከራከር ሄደ። እቤቱ ደርሶ ሚስቱ ይታየሽ ራት ስታቀርብለት አኩርፎ ተቀመጠ። በበነጋው አደራውን ለማየት ብሎ ወደ ኪዳኑ አፋፍ ወረደ። እውነትም ሊያይ ነበር የወረደው። ዛፎቹ በዕረፍታቸው ወፍረዋል። ቅርፊታቸው እንደ ወረቀት እየተላጠ ከሥሩ ለስላሳ ሆኖ ያበራል። እናቲቱማ ነክታችሁ ብትተዉአት የምትፈነዳ ትመስል ነበር። መንጋፉ ወገቡ ላይ አለ። ለምን ይዞት እንደወረደ ራሱን አልጠየቀም።

አንድ ቁስል ብቻ አለ በልቡ። አንዲት፣ በገደሉ በኩል፣ መንገደኛ በማያይበት።

እጁን አንስቶ ቆመ። አድሚ ሰው የጎረቤቱን አካሄድ ከሩቅ እንደሚለየው የአቆራረጡንም ምልክት ይለያል። ኪዳኑ ደግሞ የተስፋውን ቁስል በጨለማ ዳብሶ ያውቀዋል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የተስፋው ጥፋት የጀመረው፤ ዛፉን የነካ ጊዜ ሳይሆን መንጋፉን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ ያዛወረ ጊዜ።

በግራው የሚቆርጥ አንድ ሰው በሰፈሩ ነበር። ገብረ አማኑኤል ይባላል። በግጭቱ ጊዜ ከአበርገሌ ተፈናቅሎ፣ ሰቆጣ መጠለያ ከርሞ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የወረደ ሰው ነው። ጎጆ መቀለሻ ቦታ የሰጠው ኪዳኑ ነው፤ ማኅበር ያስገባውም እሱ ነው። ገብረ አማኑኤል ቀኝ እጁ በሽሽቱ ጊዜ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ስለዳነ የሰው ዛፍ በእኩል፣ ዕጣኑን ከባለቤቱ ጋር ሊካፈል፣ እየያዘ በግራው ያደማል። ቁስሉ ሰፋ ይላል፤ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ያየ ሁሉ የማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

ተስፋው ይህን እንዳሰበ ለራሱም አላመነም። ማን እንደቆረጠው እንዳይታወቅ ብዬ ነው እንጂ ይላል። ግራ እጁ ደግሞ አልታዘዝ አለው፤ ቅርፊቱን አልፎ ነጩ እንጨት ላይ ደረሰ። ደነገጠና እጁን ሰበሰበ። በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ ግን ቁስሉ ወለላ የመሰለ ትልልቅ ጠብታ አንዠርግጎ ጠበቀው፤ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ዕጣን ለቅሞ አያውቅም። አንዲት የተባለችው ሁለት ሆነች። እናቲቱ ስታልቅ ወደ ጎረቤቷ ተሻገረ። የኪዳኑ መንገድ ረዘመ፤ በጋው አለቀ፤ ሌላ በጋ መጣ፤ ተስፋውም ቀጠለ። መጋዘኑ በር ላይ አገኘሁሽ "እሰይ፣ እጅህ ተመለሰ!" ብላ ስታጨበጭብ ደስ አለው። ደስ ማለቱ ነው በኋላ ከሁሉ ይበልጥ ያሳፈረው።

ያወቀች ይታየሽ ብቻ ናት። ቤት ውስጥ ዕጣኑን ስታበጥር አንዱን ጠብታ አንስታ በብርሃን አየችና "ይህ የእኛ ዛፍ አይደለም" አለች።

"ምን አገባሽ!" ብሎ ጮኸባት። እሱ ደግሞ የሚጮህ ሰው አልነበረም። ይታየሽ ጠብታውን ወደ ሰፌዱ መለሰች። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የዕጣን ሥራ አልነካም አለች።

ኪዳኑ በሐምሌ ተመለሰ። ሰርክአዲስ ድናለች፤ ከስታለች እንጂ ድናለች። ሰፈሩ ሁሉ እልል እያለ ተቀበላቸው። ተስፋውም አቅፎ ሳመው፤ ሲስመው የኪዳኑ ጢም ጉንጩን ሲወጋው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሐምሌ ላይ የዕጣን ዛፍ ሁሉ ቅጠሉን አውጥቶ ይለመልማል። ኪዳኑ በማግስቱ ወደ አፋፉ ወረደና እናቲቱን እርቃኗን አገኛት። ከልጆቿም አብዛኞቹ አልለመለሙም። በገደሉ በኩል ዞሮ ሲያይ ቁስሉን አየ፤ ቁስሉ ውስጥ ጣቱን ሲከት ትል የፈጨው ዱቄት በጣቱ ላይ ቀረ። ሲመለስ እያለቀሰ ነበር አሉ። ያየው ሰው ከሚስቱ ሕመም ይልቅ ይህ ሰበረው ብሎ አወራ፤ እንዲህ ያለውን ወሬ ተስፋው ከየትም አቅጣጫ ይሰማዋል።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ቁስሉ ያዘነበለ ነው፤ የግራ እጅ ነው፤ ግራ እጅ ያለው አንድ ሰው ነው። ነገሩ ለሁሉም የበራ መሰለ። ገብረ አማኑኤል ተጠርቶ ሲመጣ የተፈጠረውን አያውቅም ነበርና ለኪዳኑ "እንኳን ደህና ገባህ" ብሎ እጁን ዘረጋ። ኪዳኑ አልጨበጠውም።

አባ አሥራተ ማርያም እንዲህ በችኮላ ሰው አይፈረድም አሉ። "ዕጣን የሚያውቅ ሰው አይቶ ይንገረን። ተስፋው፣ አንተ ውረድና እይልን።"

እንግዲህ ፍርዱን ተመልከቱ። ሌባው ሌባውን እንዲለይ ተላከ። ተስፋው ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ ኪዳኑና ገብረ አማኑኤል ጎን ለጎን ሳይነጋገሩ፣ ሁሉም ወደ አፋፉ ወረዱ። ተስፋው እናቲቱ ፊት ደረሰ። ጎንበስ ብሎ ቁስሉን የሚመረምር መሰለ። ምን ይመረምራል? እያንዳንዷን የቆረጠበትን ቀን ያውቃታል።

ገብረ አማኑኤል ከኋላው ቀረበ። "ሓወይ ተስፋው፣ ወንድሜ" አለው፤ ሲጨነቅ ትግርኛ ይቀላቅላል። "አንተ አይተኸኛል። ያንተን ዛፍ በእኩል ይዤልህ አልነበረም? የኔ ቁስል ያዘነብላል እንጂ እንጨት ነክቶ ያውቃል? ይህ እኮ እስከ ልቡ ገብቷል። ንገራቸው እንጂ።"

እውነቱን ነው። ግራ እጁ ለገብረ አማኑኤል ትታዘዝለታለች፤ ለምዶባታል። ይህችን ብቻ ተስፋው ቢናገር ኖሮ፣ "የእሱ ቁስል ጥልቅ አይደለም" ብቻ ቢል፣ ራሱንም ሳያጋልጥ ሰውየውን ነጻ ያወጣው ነበር። ቃሉ አፉ ድረስ መጣ። ግን ከዚያስ? "የእሱ ካልሆነ የማነው?" ሊሉት ነው። ሁሉም ይጠብቁታል፤ የኪዳኑ ዓይን ደግሞ ፊቱ ላይ ተተክሏል።

"የማን እንደሆነ እኔ መለየት አልችልም" አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ነገር ሲከብድ እንደሚያደርጉት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ተመካከሩ። ከዚያ አንዱ የተስፋውን ትከሻ መታ መታ አደረገው፤ "ደግ ሰው ነህ" አለው፤ "ደሃ ነው ብለህ ልታጋልጠው አልፈለግህም።" ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ተስፋው አንገቱን ደፋ፤ ያንንም ትሕትና ነው አሉት። ገብረ አማኑኤል ግን ተስፋውን አየውና ፊቱን አዞረ፤ ተስፋውን ያ አስተያየት ከዱላ በላይ አመመው።

ከዚያ ወዲያ ለገብረ አማኑኤል ዛፍ በእኩል የሚሰጠው ጠፋ። ማኅበሩም ዕርቅ እስኪወርድ አትምጣ አለው፤ ዕርቅ እንዳይወርድ ደግሞ እሱ አላጠፋሁም ይላል። ሚስቱ ውሃ ስትቀዳ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። ክረምቱን እንደምንም ገፋና አዲስ ዓመት ሲገባ ወደ ሰቆጣ መጠለያ ልመለስ ነው አለ። የመጠለያው ድንኳን ልጆቹን ሲያስላቸው ያደረ ድንኳን ነው፤ ለተስፋው ራሱ ነበር አንድ ቀን ያጫወተው። የሚሄድበትንም ቀን ቆረጠ፤ መስከረም አሥራ ሁለት።

በዚያ ቀን ጽዋው የተስፋው ተራ ነበር።

ይታየሽ ጠላውን ጠመቀች፤ ዳቦውን ደፋች። ጠዋት ተስፋው ከደጅ ቆሞ ወደ ማዶ ሲያይ የገብረ አማኑኤል አህያ ተጭና ቆማለች። ሚስቱ ድስቱን ከጭነቱ ላይ ታስራለች። አባላቱ አንድ በአንድ መጡ፤ ኪዳኑ መጣና ከተስፋው ጎን፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት፣ ተቀመጠ። ጉልበቱን ነካ አድርጎ "የቀሩትን ዛፎች ዘንድሮ አብረን እናያቸዋለን" አለው። "ያንተ እጅ ቀላል ነው፤ ምናልባት ከሞት ያተርፋቸዋል።"

አባ አሥራተ ማርያም ጸሎቱን አደረሱ፤ ጽዋውን ባረኩና እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው "በመካከላችን የተቀያየመ አለ?" አሉ።

"እኔ ቂም አለብኝ፣ አባ" አለ ኪዳኑ። "ግን የተቀየምኩት ሰው እዚህ የለም። ዛሬ ይሄዳል፤ እግዚአብሔር ይወቅለት።"

"እንግዲያው እዚህ ያለነው..." ብለው አባ እጃቸውን ወደ ጽዋው ሰደዱ።

"አለ" አለ ተስፋው። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። "እዚህ አለ። ያደማሁት እኔ ነኝ። እናቲቱንም፣ ልጆቿንም።"

ከዚያ የሆነውን ተስፋው በጭራሽ አልጠበቀም ነበር። አንዱ ሳቀ። ሌላው "ወይ ተስፋው! ሆዱ አይችልም እኮ" አለ። አባ ራሳቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረና "ልጄ" አሉት፤ "ለወንድምህ ብለህ ኃጢአቱን መሸከምህ የቅዱሳን ሥራ ነው፤ ሐሰት ግን ሐሰት ነው።" ኪዳኑም ክንዱን ያዘው። "ተው እባክህ። ያንተን እጅ እኔ አላውቅም? አንተ እንደዚያ ብትቆርጥ እጅህ ይደርቃል።"

ሰው ስሙን ለማሳመር ዕድሜውን ሲለፋ ይኖራል፤ ተስፋውን ያ ስሙ ከእውነት ከለከለው። ሲምል እየሰሙ አላመኑትም። "እኔ ነኝ እኮ! እኔ!" እያለ ደረቱን ይመታል፤ እነሱ ደግሞ እንደ ታመመ ሰው ያባብሉታል። ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ ተናግሬያለሁ፣ ካላመኑኝ ምን ላድርግ የሚል ሐሳብ መጣበት። ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። ቀና ሲል ይታየሽን አየ። ከጓዳው ብቅ ብላ፣ ከምሰሶው ላይ መንጋፉን አውርዳ፣ ከፊቱ መሬት ላይ አኖረችለትና ተመለሰች።

ተስፋው አንስቶት ወጣ።

ከቤቱ ጀርባ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ያለችው ዛፍ ከዛፎቹ ሁሉ የቀረችው ደህና ዛፍ ናት። የኪዳኑን ዛፎች ከነካ ወዲህ ያሳረፋት እሷን ብቻ ነው። ማኅበርተኞቹ ግራ እየተጋቡ፣ ገሚሶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተከትለውት ወረዱ። ከማዶም ሰው ሲተራመስ አይቶ ገብረ አማኑኤል አህያውን ትቶ መጣና ራቅ ብሎ ቆመ። ተስፋው መንጋፉን በቀኙ ያዘ፤ ከዚያ ሁሉም እያዩ ወደ ግራው አዛወረው።

የመጀመሪያውን ሲቆርጥ ቅርፊቱ ተቀደደ። ደገመው፤ ነጩ እንጨት ወጣ። ቁስሉ ሰፊ ነው፤ ያዘነበለ ነው፤ እስከ ልብ የገባ ነው። ኪዳኑ ቀስ ብሎ ቀረበ። እናቲቱ ላይ እንዳደረገው ጣቱን ቁስሉ ውስጥ ከተተና ዳበሰው። ዳብሶም ጣቱን ሳያወጣ ቆየ።

"ሌባዬን ሊለይልኝ የተላከው አንተ ነበርህ" አለ በመጨረሻ።

ተስፋው ከእፍረቱ የተነሳ መንጋፉን አንስቶ ሌላ ቦታ ሊቆርጥ ሰነዘረ፤ ዛፏን አፈር ድሜ ቢያበላት በወደደ። ከኋላው አንድ እጅ አንጓውን ያዘው።

"ይበቃል" አለ ገብረ አማኑኤል። "ዛፏ ምን አደረገችህ?"

የሚሰድበው መስሎት ተስፋው አንገቱን ቀበረ። ቢሰድበው በተሻለው ነበር። ገብረ አማኑኤል ግን ቁስሉን እንጂ እሱን አላየም። "እንዲህ ተቦጫጭቃ ከተተወች ውሃ ትይዛለች፤ ትል ይገባታል" አለ። "ጠርዙን አስተካክለው። በቀኝህ።"

ተስፋው መንጋፉን ወደ ቀኝ እጁ መለሰ፤ ያች እጅ፣ ሴቶቹ የሚሻሙላት፣ ኪዳኑ በጨለማ የሚያውቃት። ወደ ቁስሉ አስጠጋት። እጁ አልታዘዝ አለው። በግራው ደግፎ ሞከረ፤ መንጋፉ ቅርፊቱ ላይ ተንሸራተተ። ሁሉም ያያሉ። አንድም የሳቀ የለም።

ገብረ አማኑኤል ጥቂት ጠበቀውና መንጋፉን ከእጁ ወሰደለት። በግራው ያዘ፤ ጠማማ ቀኝ እጁን ግንዱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ የተቀደደውን ጠርዝ ዙሪያውን ላጠው፤ ከጥፍር የማትወፍር ልጥ እያነሳ፣ እያቆመ፣ እያነሳ። እንጨቱን አንድ ጊዜም አልነካውም። ሽማግሌዎቹ ተጠግተው አዩ። በሐምሌ ተስፋውን ደግ ሰው ነህ ያለው ሽማግሌ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። እስከዚያ ቀን ድረስ የገብረ አማኑኤልን እጅ ሲሠራ ቆሞ ያየ ማንም አልነበረም፤ ከተስፋው በስተቀር።

ገብረ አማኑኤል ሲጨርስ መንጋፉን በልብሱ ጠርጎ ለተስፋው መለሰለትና ወደ ማዶ መንገድ ጀመረ። ኪዳኑ ተከትሎ ሮጠ። ምን እንደተባባሉ አልተሰማም። ከሩቅ የሚታየው ኪዳኑ ከፊቱ ተንበርክኮ ጉልበቱን ሲይዝ፣ ገብረ አማኑኤል ሲያነሳው፣ እንደገና ሲንበረከክ ነበር። ከዚያ ኪዳኑ ወደ አህያዋ ሄዶ የጭነቱን ገመድ ፈታ። ድስቱን በራሱ እጅ አውርዶ ወደ ጎጆው አስገባ።

አባ አሥራተ ማርያም ነጠላቸውን አደገደጉ። "እኔም የምጠይቀው ይቅርታ አለኝ" አሉ፤ ለማን እንደሆነ ግልጽ ነበር፤ እሳቸውም ወደ ማዶ ተሻገሩ። ማኅበርተኞቹ አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ተስፋውን የሰደበው የለም። ና ያለውም የለም።

አመሻሹ ላይ ኪዳኑ ብቻውን ተመለሰ። ተስፋው ከዛፏ ሥር እንደተቀመጠ ነበር። ቁስሉ ነጭ ጠብታ ማውጣት ጀምሯል።

"ግንቦት ላይ ከዚች ዛፍ ቅርንጫፍ ትቆርጣለህ" አለው ኪዳኑ ቆሞ። "እናቲቱ በነበረችበት ትተክላለህ። ታጥራለህ። ፍየል ታባርራለህ፤ አባቴ እንዳደረገው። እስኪጸድቅ ድረስ ጽዋ ከአንተ ጋር አልጠጣም።"

"ካልጸደቀስ?" አለ ተስፋው።

"ሌላ ትተክላለህ።"

ኪዳኑ ሄደ። ተስፋው ወደ ቤት ሲገባ ዳቦው ሳይቆረስ፣ ጽዋው እንደተሞላ ነው። ይታየሽ ክዳኑን ገጥማበት ከምሰሶው ሥር አስቀምጣዋለች። መንጋፉን ሊሰቅል እጁን ዘረጋ፤ እጁ አሁንም አልታዘዝ አለውና ሚስማሩን ሳተው። ይታየሽ ተቀብላ ሰቀለችለት።